ድራም ማሽንን ከዲጄ መሣሪያ ጋር ማናበብ፦ ከገመድ ምርጫ እስከ መጀመሪያው ምት

የሚጫወተው ዘፈን በደቂቃ 128.1 ምት ቢኖረውና ድራም ማሽኑ (የከበሮ ድምፆችን በራሱ የሚያጫውተው መሣሪያ) በ128 ላይ ተስተካክሎ ቢነሣ፣ ልዩነቱ በማሳያው ላይ ሲታይ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ሆኖም በ128 ቢፒኤም (በደቂቃ 128 ምት) አንድ ምት 469 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ደግሞ በየደቂቃው በአንድ ምት አንድ አሥረኛ ይራራቃሉ። ስለዚህ በአንድ ቅጽበት አብረው የተነሡ ሁለት ኪኮች (ወፍራሞቹ የከበሮ ምቶች) ከአንድ ደቂቃ በኋላ በ47 ሚሊሰከንድ ይለያያሉ፤ ጆሮም አንዱን ምት «ዱዱም» እያለ እንደ ሁለት ይሰማዋል። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ የድራም ማሽኑ ኪክ በዘፈኑ ሁለት ኪኮች መካከል ገብቶ ይገኛል። ቁጥር ከቁጥር ማመሳሰል ብቻውን የማይበቃውና መሣሪያዎቹን በአንድ የጊዜ ምልክት ማሰር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን እንደሚይዝ ከመነሻው መረዳት ብዙ ድካም ይቀንሳል። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በደቂቃ እኩል ምት እንዲመቱ ማድረግ ማለት ነው። ሁለተኛው ቦታ ነው፤ የድራም ማሽኑ «አንድ» ብሎ የሚቆጥረው ምት በዘፈኑ ባር (ብዙውን ጊዜ በአራት ምት የሚቆጠረው ክፍል) «አንድ» ላይ መውደቅ አለበት። ጎን ለጎን እኩል የሚራመዱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ግራ እግሩን ሲያነሣ ሌላው ቀኙን ሊያነሣ እንደሚችል ሁሉ፣ ፍጥነታቸው ፍጹም እኩል የሆነ ሁለት መሣሪያዎችም ቦታቸው ተዛንፎ ሊቆይ ይችላል። ገመዱ የመጀመሪያውን ጉዳይ ይፈታል፤ ሁለተኛውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው የተጫዋቹ ጆሮና ጣት ነው። «ሲንክ (ማናበብ) አድርጌው ሳለ ለምን አልገጠመም?» የሚለው ጥያቄ በአመዛኙ የሚመጣው ሁለቱን እንደ አንድ ከማየት ነው።

መሪውን መወሰን

ከማንኛውም ገመድ በፊት የሚወሰነው ፍጥነቱን የሚያዝዘው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ ነው። በአንድ ዝግጅት ውስጥ መሪ አንድ ብቻ ይሆናል፤ የቀሩት ሁሉ ተከታይ ናቸው። ሁለት መሪዎች ባሉበት ሁለቱም የየራሳቸውን ሰዓት ይከተላሉ፣ ከላይ የተነገረው መራራቅም ይከሰታል። በተቃራኒው ሁሉም ተከታይ ሆነው ከተቀመጡ እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ የማጫወቻው ቁልፍ ቢጫንም ምንም አይነሣም።

መሪው ማን ይሁን የሚለው የሚወሰነው ዘፈኖቹ በሚጫወቱበት መሣሪያ ነው። ዘፈኖቹ ከላፕቶፕ ሶፍትዌር የሚወጡ ከሆነ ሶፍትዌሩ መሪ ቢሆን ይመረጣል፤ የእያንዳንዱን ዘፈን ፍጥነት አስቀድሞ መርምሮ ስለሚያውቅ የሚልከው ምልክት ግምት አይደለም። ዘፈኖቹ ከዲጂታል ማጫወቻዎች የሚወጡ ከሆነ ድምፆቹን የሚያቀላቅለው ሚክሰር መሪ ሊሆን ይችላል። ከሸክላ የሚጫወት ሰው ግን ድራም ማሽኑን ራሱን መሪ አድርጎ ሸክላውን በእጁ ቢያስከትል ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመሣሪያዎቹን ጀርባ መመልከት

ቀጣዩ ሥራ መሣሪያዎቹ በየትኛው መሰኪያ መነጋገር እንደሚችሉ መለየት ነው። በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው ሚዲ ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትእዛዝ የሚለዋወጡበት ደንብ ማለት ነው። ደንቡ በ1983 የወጣ ሲሆን፣ ዛሬም ከአዲሱም ከአሮጌውም መሣሪያ ጋር ያግባባል። የሚዲ ሰዓት ምልክት ለእያንዳንዱ ሩብ ኖታ (እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ምት) 24 ጊዜ ይላካል፤ በ128 ቢፒኤም በየ19.5 ሚሊሰከንዱ አንድ ምልክት ይደርሳል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ጀምር፣ አቁምና ካቆምክበት ቀጥል የሚሉ ሦስት ትእዛዞች አሉ። የሰዓት ምልክቱ ራሱ «አሁን በ128 ነን» የሚል ቁጥር አይዝም፤ ድራም ማሽኑ ፍጥነቱን የሚያውቀው በምልክቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ በመለካት ነው። በተከታዩ ማሳያ ላይ ፍጥነቱ ከ127.9 ወደ 128.1 ሲዋዥቅ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጆሮ መንሸራተት እስካልሰማ ድረስ ሊያሳስብ አይገባም።

የሚዲ መሰኪያ አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ ሲሆን፣ ገመዱ ከመሪው «አውት» ተነሥቶ ወደ ተከታዩ «ኢን» ይገባል። ይህን ገልብጦ መሰካት ከሁሉም ስሕተት የተለመደው ነው። በደንቡ መሠረት የገመዱ ርዝመት ከ15 ሜትር መብለጥ የለበትም። በትናንሽ መሣሪያዎች ላይ ክቡ መሰኪያ ቀርቶ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የሚመስል 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይገኛል፤ ወደ አምስት እግሩ የሚቀይር አጭር ገመድም ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ የዚህ አጭር ገመድ የውስጥ አያያዝ ኤ እና ቢ የተባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ኤ የሚባለው በ2018 መደበኛ ሆኖ ቢጸድቅም ከዚያ በፊት የተሠሩ በርካታ መሣሪያዎች ቢን ይጠቀማሉ፤ የተሳሳተው ዓይነት ሲሰካ መሣሪያው አይበላሽም፣ ነገር ግን ምንም አይሰማም። ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ ሳለ ምልክት የማይደርስ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ገመድ ነው።

የቀድሞ መሣሪያ ላላቸው ደግሞ ዲን ሲንክ የሚባል አለ። በ1980 የወጣው የሮላንድ ቲአር-808 ሚዲ አያውቅም፤ የሚያውቀው ይህንን ነው። መሰኪያው አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ በመሆኑ ከሚዲ ጋር አንድ ይመስላል፣ ገመዱም ይገባል፣ ውስጡ የሚሄደው ምልክት ግን ፈጽሞ ሌላ ስለሆነ ሁለቱን በቀጥታ ማገናኘት ውጤት የለውም፤ በመካከል ቀያሪ መሣሪያ ያስፈልጋል። በሮላንድ መሣሪያዎች ላይ ዲን ሲንክ ለሩብ ኖታ 24 ምልክት ሲልክ በኮርግ የቀድሞ መሣሪያዎች ላይ 48 ነው፤ ስለዚህ 48 የሚጠብቅ መሣሪያ 24 ሲደርሰው በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል። በ1983 የወጣው ቲአር-909 ሁለቱንም መሰኪያዎች ስለያዘ ከዚህ ጭንቀት ያድናል።

እንደ ኮርግ ቮልካ ባሉ ትናንሽ ማሽኖች ላይ የሚገኘው የአናሎግ ሲንክ መሰኪያ ደግሞ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ በቮልካ ላይ ለሩብ ኖታ ሁለት ምት ይጠበቃል። የሚልከው መሣሪያ አራት የሚልክ ከሆነ ቮልካው በእጥፍ ፍጥነት ይሮጣል። ማሽንዎ በትክክል ግማሽ ወይም በትክክል እጥፍ ሆኖ ከሄደ ብልሽት ነው ብለው አይደናገጡ፤ በሁለቱ መካከል የምልክት ቁጥር አልተስማማም ማለት ብቻ ነው፣ ከሁለቱ በአንዱ ሴቲንግ ውስጥም ይስተካከላል።

ዩኤስቢ ሚዲን በገመድ ተሸክሞ ወደ ኮምፒውተር ያደርሳል። ነገር ግን ሁለት የሙዚቃ መሣሪያዎችን በተራ የዩኤስቢ ገመድ እርስ በርስ አገናኝቶ ሚዲ መጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ አንደኛው ወገን ኮምፒውተር ወይም ኮምፒውተርን የሚተካ ሆስት መሆን አለበት።

ድምፁን ወደ ሚክሰር ማስገባት

የድራም ማሽኑ የድምፅ መውጫ በሚክሰሩ ባዶ ቻናል ላይ ይሰካል፤ የቻናሉ መምረጫም «ላይን» ላይ መሆን አለበት። «ፎኖ» ላይ ከተተወ ለሸክላ መርፌ ደካማ ድምፅ የተሠራው ማጉያ የድራሙን ድምፅ አቃጥሎና ባሱን አሳብጦ ያወጣዋል፤ በትልቅ ድምፅ ማጉያ ፊት ይህ አደገኛ ነው። ፌደሩን (የቻናሉን ድምፅ የሚያወጣውን ተንሸራታች ቁልፍ) ዘግተው የማሽኑን ድምፅ ይክፈቱና የቻናሉ መብራት ኪኩ በሚመታበት ጊዜ እንኳ ቀዩን እንዳይነካ ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ መጠን) ያስተካክሉ። ድራም ማሽኑ በሌላ የግል ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በዚሁ ሚክሰር በኩል መውጣቱ የግድ ነው፤ ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ፣ ከተለያየ ርቀት የሚመጡ ሁለት ድምፆችን በጆሮ ማገጣጠም የማይቻል ድካም ይሆናል።

መሪው ሚክሰር ሲሆን

አንዳንድ የዲጄ ሚክሰሮች የሚሰሙትን ዘፈን ፍጥነት ራሳቸው ቆጥረው በሚዲ መውጫ ይልካሉ፤ ለምሳሌ የፓዮኒር ዲጄኤም-900 ኔክሰስ 2 ከነዚህ አንዱ ነው። የሚዲ ገመዱን ከሚክሰሩ «አውት» ወደ ድራም ማሽኑ «ኢን» ይሰኩ። ቀጥሎ ወደ ድራም ማሽኑ ሴቲንግ ገብተው የሰዓት ምንጭ የሚለውን ከኢንተርናል (ከራሱ ሰዓት) ወደ ሚዲ ወይም ወደ ኤክስተርናል (ወደ ውጭ ሰዓት) ይቀይሩ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ኦቶ የሚል ምርጫ አለ፤ የውጭ ምልክት ሲደርሰው ይከተላል፣ ሲቋረጥ ወደ ራሱ ሰዓት ይመለሳል። የሰዓት ምልክትን መቀበልና የጀምር-አቁም ትእዛዝን መቀበል በብዙ ማሽኖች ላይ ሁለት የተለያዩ ሴቲንጎች ስለሆኑ ለየብቻ ይመልከቷቸው። ለዲጄ ሥራ የሰዓቱን ምልክት ከፍቶ የጀምር-አቁም ትእዛዙን መዝጋት በጣም ይመቻል፤ ፍጥነቱ ከሚክሰሩ ይመጣል፣ ማስጀመሪያው ግን በእጅዎ ይቀራል።

በዚህ አሠራር ውስጥ መታወቅ ያለበት ትልቁ ድክመት ሚክሰሩ ፍጥነቱን የሚያውቀው በመስማት መሆኑ ነው። ኪክ እኩል በሚመታበት ሙዚቃ በጥሩ ሁኔታ ይቆጥራል። ኪኩ ሲወጣና ዘፈኑ በድምፅና በኪቦርድ ብቻ ሲቀር ግን የሚይዘው ያጣል፤ በ6/8 በሚሄድ ሙዚቃ ላይም ቆጠራው በቀላሉ ይሳሳታል። ይህን የተማርኩት ሰው በተሰበሰበበት ነው። ዘፈኑ ወደ ጸጥተኛው ክፍል ሲገባ የድራም ማሽኑን ሃይ-ሃት (ቀጭኑን የጸናጽል ድምፅ) ብቻውን አስቀርቼ እጫወት ነበር፤ በሚክሰሩ ማሳያ ላይ 124 የነበረው ቁጥር ወደ 83 ወረደ፣ ሃይ-ሃቱም አብሮት ተንገዳገደ። ኪኩ ሲመለስ ሁለቱ ተጣልተው ስለነበር ፌደሩን ከመዝጋት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የማደርገው፣ ፍጥነቱ በትክክል እንደተነበበ የሚክሰሩን ቆጠራ ከኦቶ ወደ ማኑዋል ማዞር ነው። ሚክሰሩ የታፕ ቁልፍ ካለው ቁጥሩን በጣት መትቶ ወይም በቀጥታ አስገብቶ መቆለፍ ይቻላል፤ የተቆለፈ ቁጥር ጸጥተኛ ክፍል አያናውጠውም። የሚከፈለው ዋጋ ዘፈኑ ሲቀየር ቁጥሩን ዳግም ማስተካከል ማስፈለጉ ነው፣ ይህም ተገቢ ልውውጥ ይመስለኛል።

መሪው ላፕቶፕ ሲሆን

በላፕቶፕ የሚጫወት ሰው ድራም ማሽኑን በዩኤስቢ ወይም በሚዲ ኢንተርፌስ (የሚዲ ገመድን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ መሣሪያ) ያገናኛል። ትራክተር የተባለውን የዲጄ ሶፍትዌር እንደ ምሳሌ ብንወስድ በመጀመሪያ በፕሪፈረንስ ውስጥ ባለው የኮንትሮለር ማኔጀር ገጽ ላይ አዲስ ጄነሪክ ሚዲ ይጨመራል፤ መውጫውም ወደ ድራም ማሽኑ ወይም ወደ ኢንተርፌሱ ይመደባል። ቀጥሎ የሚዲ ክሎክ ገጽ ላይ ክሎክ ላክ የሚለው ሳጥን ምልክት ይደረግበታል። ይህ ብቻ ግን ምልክቱን አያስነሣም፤ በዋናው መስኮት በማስተር ክሎክ ክፍል ውስጥ ያለውን ማስጀመሪያ መጫን ይቀራል። ብዙ ሰው ሁሉን አስተካክሎ በዚህ ደረጃ ላይ ይቆማል። በዚያው ክፍል ያለው የሲንክ ቁልፍ ድራም ማሽኑን ከፓተርኑ (ከሚደጋገመው የምት ቅንብር) መጀመሪያ ዳግም ያስነሣል፤ በዘፈኑ የባር «አንድ» ላይ ከተጫነ ሁለቱን ያገጣጥማቸዋል።

ሌላው አማራጭ በ2016 የወጣው ኤብልተን ሊንክ ነው። ትራክተርም ሆነ ሌላው የዲጄ ሶፍትዌር ሴራቶ ይህን ያውቃሉ፤ በአንድ የኔትወርክ መስመር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ፍጥነትንም የባር ቦታንም ይጋራሉ። ከሚዲ የሚለየው ቦታን ጭምር መያዙና መሪ የሚባል አለመኖሩ ነው፤ ማንኛውም ተሳታፊ ፍጥነቱን ሲቀይር ሁሉም ይቀየራል። ስለዚህ ብዙ ሰው በሚሳተፍበት ጊዜ ቴምፖ የሚነካው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ድራም ማሽኑ ራሱ ሊንክን የማያውቅ ከሆነ ሊንኩን ተቀብሎ ወደ ሚዲ ሰዓት የሚቀይር ፕሮግራም ወይም መሣሪያ በመካከል ይገባል። የሰው ስልክ ሁሉ በተያያዘበት ዋይፋይ ላይ ግን ሊንክን አልመክርም፤ ለመሣሪያዎቹ ብቻ የሚሆን ትንሽ ራውተር ይያዙ ወይም በኔትወርክ ገመድ ያገናኙ።

ከሸክላ የሚጫወቱ ከሆነ

የሸክላ ማጫወቻ የሰዓት ምልክት አይልክም፣ አይቀበልምም። ፍጥነቱም በሞተርና በጣት የሚያዝ በመሆኑ፣ በሸክላው ላይ የተቀረጹት ከበሮዎች በሰው እጅ የተመቱ ከሆኑም ሙዚቃው ራሱ ትንሽ እየፈጠነና እየዘገየ ስለሚሄድ፣ ሚክሰሩ ቆጥሮ የሚልከው ቁጥር ሲባክን ይውላል። ድራም ማሽኑን መሪ ማድረግ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። ማሽኑ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ጽኑ ሰዓት ያለው ነው፤ ሸክላውን ወደ እርሱ ማምጣት ደግሞ ዲጄ ሁልጊዜ አንዱን ሸክላ ከሌላው ጋር ሲያገጣጥም የሚሠራው ሥራ ነው። ድራም ማሽኑን እንደ ሦስተኛ ማጫወቻ ይቁጠሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድራም ማሽኑን በኢንተርናል ሰዓት፣ ለምሳሌ በ128 ላይ ያስጀምሩ። ሸክላው በተፈጥሮው 125 ከሆነ 128ን ለ125 ሲያካፍሉ 1.024 ያገኛሉ፤ ፒቹ (የማጫወቻው የፍጥነት ማስተካከያ) ወደ +2.4 ከመቶ ይገፋል ማለት ነው። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ባለ ማጫወቻ ላይ የፒቹ ስፋት ከላይም ከታችም 8 ከመቶ ነው፤ ስለዚህ 124 የሆነ ሸክላ ከ114 ገደማ እስከ 134 ገደማ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ፣ ሸክላው ሲቀድም የሳህኑን ጠርዝ በጣት ነካ እያደረጉ፣ ሲዘገይም በመለያው በኩል ገፋ እያደረጉ፣ ፒቹን በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቡ። ለ2 ደቂቃ ሳይነኩት ከቆየ ይበቃል። በሰው እጅ ከተመታ ሙዚቃ ጋር ሲጫወቱ ድራም ማሽኑ ላይ ኪክና ስኔር ባይበዙ ይመከራል፤ ሼከርና ሃይ-ሃት ትንሹን መዛነፍ ይሸከማሉ፣ ኪክ ግን ወዲያው ያጋልጣል።

ሸክላውን መንካት የማይፈልግ ሰው ደግሞ በተቃራኒው መሥራት ይችላል፤ የድራም ማሽኑን የታፕ ቁልፍ ከዘፈኑ ጋር ከ8 እስከ 16 ጊዜ መትቶ ቁጥሩን ያገኛል፣ ከዚያም በአንድ አሥረኛ እያንቀሳቀሰ ያጠራዋል። ቴምፖውን ከነጥብ በኋላ ባለ አንድ አኃዝ ማስተካከል የማይችል ማሽን ግን ለዚህ አሠራር አይመችም፤ ግማሽ ቢፒኤም ብቻ ብንሳሳት እንኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ምት እንዛነፋለን።

ማስጀመርና ማገጣጠም

ፍጥነቱ ከተያዘ በኋላ የቀረው ቦታው ነው። የድራም ማሽኑን ፌደር ዘግተው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይስሙት። በፓተርኑ ላይ የመጀመሪያውን ምት ብቻ ይተዉና በላዩ አጭርና ደረቅ ድምፅ፣ ለምሳሌ ሪምሾት ያድርጉበት። ዘፈኑን በቃል ይቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በአዲሱ ባር «አንድ» ላይ ማስጀመሪያውን ይጫኑ። በሚዲ ደንብ መሠረት ጀምር የሚለው ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው የሰዓት ምልክት ነው የፓተርኑ መነሻ የሚሆነው፤ ሰዓቱ ከዘፈኑ ምት ጋር ሳይገጥም የሚሄድ ከሆነ ጣትዎ በትክክል ቢያርፍም ትንሽ ልዩነት ሊቀር ይችላል።

ልዩነቱን ለመስማት ሪምሾቱን ከዘፈኑ ኪክ ጋር አስጠግተው ያዳምጡ። ሪሙ ከቀደመ «ቲክ-ዱም» ይላል፤ ከዘገየ «ዱም-ቲክ» ይላል፤ ሲገጥም ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ጠንካራ «ታም» ይሆናሉ። ይህን ልዩነት ለመለየት ጆሮ ጥቂት ቀናት ልምምድ ይፈልጋል፤ ከተለማመደ በኋላ ግን ከማሳያው ቁጥር ይልቅ ይታመናል። ማሽኑ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ የነጅ ቁልፍ ካለው በእርሱ ያቃኑ። ከሶፍትዌር የሚመጣ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ኦፍሴት (የጊዜ ማካካሻ) የሚለውን በሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሱ። ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ድራሙ ሁልጊዜ በ12 ሚሊሰከንድ የሚዘገይ ከሆነ፣ የመነሻ ስሕተት ሳይሆን የመሣሪያዎቹ የሥራ መዘግየት ነው፤ አንድ ጊዜ ኦፍሴቱን አስተካክለው ያስቀምጡታል። በእርግጠኝነት መለካት የሚፈልግ ሰው ዘፈኑንና ድራሙን በሁለት የተለያዩ ትራኮች ቀድቶ የሁለቱን ኪኮች መነሻ በስክሪን ላይ ቢያነጻጽር ቁጥሩን በዓይኑ ያያል።

ከገጠመ በኋላ ፌደሩን ከመክፈትዎ በፊት የሁለቱን ባስ ይመልከቱ። ሁለት ኪኮች በፍጹም አንድ ጊዜ ቢመቱ እንኳ ዝቅተኛው ድምፅ ተደራርቦ ያብጣል፣ ወይም እርስ በርሱ ተጣፍቶ ይቀጥናል። ከሁለቱ የአንዱን ሎው (ዝቅተኛ ድምፅ) ቆርጦ ማስገባት፣ ከዚያም በአራት ወይም በስምንት ባር መለወጫ ላይ ባሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሸጋገር ንጹሕ ውጤት ይሰጣል።

ሲስት የሚታዩ ምልክቶች

ድራሙ አንድ ጊዜ ገጥሞ ቀስ በቀስ ከራቀ፣ ተከታዩ በእውነት እየተከተለ አይደለም፤ የሰዓት ምንጩ ኢንተርናል ላይ ቀርቷል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የመሪውን ፍጥነት በ10 ቢፒኤም ይቀንሱ፣ ድራሙ አብሮ ካልወረደ ግንኙነት የለም ማለት ነው። ድራሙ ሳይርቅ ምቶቹ ግን የሚንቀጠቀጡ ከሆነ የሰዓት ምልክቱ ባልተስተካከለ ልዩነት እየደረሰ ነው። በላፕቶፕ ላይ ሌሎች ፕሮግራሞችን መዝጋት፣ ማሽኑን በዩኤስቢ ማባዣ በኩል ሳይሆን በቀጥታ መሰካት፣ በዚያው የሚዲ መስመር ላይ የሚጓዝ ሌላ አላስፈላጊ መረጃ ካለም ማጥፋት ይረዳል፤ በአምስት እግሩ ገመድ አንድ የሚዲ ባይት ለማለፍ 0.32 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ፣ ብዙ መረጃ ሲጨናነቅ ሰዓቱ ወረፋ ይጠብቃል።

ማሽኑ ፍጥነቱን እየተከተለ ምቱ ግን «የተሰበረ» ከመሰለ ስዊንጉን (አንዳንድ ምቶችን ሆን ብሎ የሚያዘገየውን ሴቲንግ) ይመልከቱ። ስዊንግ በሚዲ ሰዓት ውስጥ አይተላለፍም፤ እያንዳንዱ ማሽን በውስጡ የሚያደርገው ነገር ነው። ዘፈኑ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሆኖ ድራም ማሽኑ 60 ከመቶ ስዊንግ ላይ ከተተወ ሁለተኛዎቹ አሥራ ስድስተኛ ኖታዎች ዘግይተው ይወድቃሉ፤ ኪኮቹ ገጥመው ሳለ ሃይ-ሃቱ ብቻ የሚጣላው ለዚህ ነው። ወደ 50 ሲመለስ ይጠፋል።

መሣሪያዎቹ ከተገናኙ በኋላ የማያቋርጥ ዝቅተኛ «ዝዝዝ» ከተሰማ ሲንኩ ጥፋት የለበትም፤ የኤሌክትሪክ መሬት ዑደት ነው። ሁሉንም ከአንድ የኃይል ማከፋፈያ መሰካት ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል፤ ካልሆነም በድምፅ ገመዱ መካከል መለያ ትራንስፎርመር ይገባል። የመሬት እግሩን ከሶኬቱ ማላቀቅ ግን የሰው ሕይወት የሚያሳጣ ድርጊት ስለሆነ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

የሚቀረው ድራሙን የማውጫው ጊዜ ነው። ቀጣዩ ዘፈን ከአሁኑ በ3 ወይም በ4 ቢፒኤም የሚለይ ከሆነ፣ መሪው ወደ አዲሱ ዘፈን በሚሸጋገርበት ቅጽበት ድራም ማሽኑም አብሮ ይዘላል። ስለዚህ ወይ ከሽግግሩ በፊት ፌደሩን ይዝጉ፣ ወይም ፍጥነቱን በበርካታ ባሮች ውስጥ ቀስ እያሉ ያሸጋግሩ። ድራሙን ብቻውን አስቀርተው ዘፈን ለመቀየር ካሰቡ ደግሞ የውጭ ሰዓቱ ሲቋረጥ ማሽንዎ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይወቁ፤ አንዳንዱ በመጨረሻ በሰማው ፍጥነት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ በፓተርኑ ውስጥ ወደ ተቀመጠው የራሱ ፍጥነት ይዘላል፣ አንዳንዱ ደግሞ በቦታው ይቆማል። ይህን ለማወቅ ማሽኑ እየሄደ ሳለ ገመዱን መንቀል ብቻ ይበቃል፤ ሙከራው የሚደረገው ግን ፌደሩ ተዘግቶ፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት ነው።